«እገሌ እባላለሁ»… ከዚያስ?

ሰው ራሱን ለማስተዋወቅ አሥር ሰከንድ ይበቃዋል። ስም፣ የሥራ ድርሻ፣ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል»፤ አለቀ። ታዲያ እኔ በቅርቡ የሰባት ሰዎችን ትውውቅ ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። የዱቄት ፋብሪካ ማሽን የሚያመርት አንድ የቱርክ ኩባንያ አዲስ አበባ ላይ የሽያጭ ቢሮ ከፈተ። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራው ግማሾቻችሁ «ስንት ተከፈለው?» ትላላችሁ። ለነገሩማ ተከፍሎኛል። የተከፈለኝ ግን ይህን ለመጻፍ ሳይሆን፣ በመክፈቻው ዕለት ለእንግዶች የሚታደለውን ባለ አራት ገጽ በራሪ ጽሑፍ በአማርኛ ለማዘጋጀት ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቆ በፍሪላንስ የሚጽፍ ሰው የመጣለትን ሥራ ብዙም አያማርጥም። በራሪ ጽሑፉ ላይ የማሽኑ ዝርዝር ቀድሞ ተዘጋጅቷል። የቀረው «ሠራተኞቻችንን ይተዋወቁ» የሚለው ገጽ ብቻ ነበር። ቀላል መስሎ ነበር።

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው ቅጽ አምስት ነገር ይጠይቃል፦ ስም፣ የሥራ መደብ፣ የትምህርት ደረጃ፣ በትርፍ ጊዜ የሚወዱት ነገር እና «መሪ ቃል»። ሰባቱም ሞልተው ሰጡኝ። ሥራ አስኪያጁ ኮንያ ተወልዶ ያደገ ቱርካዊ ነው፤ ኮንያ በቱርክ የወፍጮ ማሽን በማምረት ከሚታወቁት ከተሞች አንዷ ናት። በትርፍ ጊዜው እግር ኳስ ያያል። የተከላ ኃላፊው ሌላው ቱርካዊ ነው፤ እሱም እግር ኳስ። የሽያጭ ባለሙያው የእኛ ልጅ፣ የሜካኒካል ምህንድስና ምሩቅ፤ አሁንም እግር ኳስ። የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊው «መጽሐፍ ማንበብ» ብሎ ጽፏል፤ የትኛውን ብዬ ስጠይቀው ሳቀ። ከሰባቱ አራቱ መሪ ቃላቸው «የደንበኛ እርካታ ቅድሚያ ይሰጠዋል» ነው። ቀሪዎቹ ሦስቱ ባዶ ትተውታል፤ እውነቱን ለመናገር እነሱ ይሻላሉ።

ይህን በአንድ ቀን ተርጉሜ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ መሄድ እችል ነበር። ያቆመኝ በመጀመሪያ የስም ጉዳይ ነው።

የአባት ስም ጣጣ

ቅጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉት። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ሲያስፈልግ የአያት ስም ነው ያለን። በሁለተኛው ሣጥን የአባታችንን ስም እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ የሚጻፈው ለአባታችን ነው። የቢሮው የሰነድና የባንክ ጉዳይ ባለሙያ እንዲህ ብላ አጫወተችኝ፦ «አንድ የመርከብ ወኪል ሁልጊዜ 'ሚስተር' ብሎ በአባቴ ስም ነው የሚጽፍልኝ። አባቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ኮምፒውተር ስከፍት የእሱን ስም አገኘዋለሁ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን ደስ ይለኛል።»

ከቱርኮቹ ጋር ግን ይህ ችግር እምብዛም የለም። እነሱ ሰውን በአክብሮት ሲጠሩ የራሱን ስም አስቀድመው ለወንድ «ቤይ»፣ ለሴት «ሀኒም» ይጨምሩበታል። እኛ «አቶ» እና «ወይዘሮ» ከፊት እናደርጋለን፤ እነሱ ከኋላ። የሚጠራው ግን በሁለቱም ዘንድ የራስ ስም ነው፤ «አቶ» ብለን የሰውየውን አባት አንጠራም። ቱርኮች የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ የተገደዱት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ሰው እንደኛው ያለ ቤተሰብ ስም ይኖር ነበር።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ቱርክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሰዓት ስለምትጠቀም፣ ኢስታንቡልና አዲስ አበባ ፀሐዩን በአንድ ሰዓት ነው የሚቆጥሩት። እነሱ ጋ 8:30 ሲል እኛ ጋ 2:30 ነው፤ የማይገናኘው አጠራሩ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ በመጀመሪያ ሳምንቱ አንድ ደንበኛ «በሦስት ሰዓት እመጣለሁ» ሲለው ምሳውን በልቶ ከሰዓት በኋላ ሲጠብቀው ዋለ። ደንበኛው ጠዋት መጥቶ፣ «ስብሰባ ላይ ነው» ተብሎ ተመልሷል። አሁን በሩ ላይ የሥራ ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ተለጥፏል።

እነዚህ ቀላል ነገሮች ናቸው፤ በአንድ ሻይ ይፈታሉ። ከባዱ የመጣው አንድ ደንበኛ በሩን ሲያንኳኩ ነው።

«ማነው የሚመጣው?»

ከመክፈቻው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አዳማ ላይ የዱቄት ፋብሪካ ያላቸው አንድ አዛውንት ፕሮፎርማ ሊወስዱ ብቅ አሉ። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ሥራ አስኪያጁ ቡና አስቀርቦ፣ የረቂቁን ትውውቅ ገጽ እያሳየ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ይነግራቸው ጀመር። የሽያጭ ባለሙያው ያስተረጉማል። እኔ ጥግ ይዤ እሰማለሁ።

ጋሼ ወረቀቱን አነበቡ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እሺ፣ ኳስ እንደምትወዱ ገባኝ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ማሽኑ ቢቆም ማነው የሚመጣው?»

ዝም ዝም ሆነ። ጋሼ ቀጠሉ፦ «የአሁኑን ማሽኔን የገዛሁት ከሌላ አገር ነው። የሸጠልኝ ልጅ ጎበዝ ነበር፣ ቋንቋው፣ አለባበሱ። ኩሽኔታው ሲሄድ ደወልኩ። 'እኔ ሽያጭ ነኝ' አለኝ። ማነው ታዲያ ብለው፣ 'ለዋናው መሥሪያ ቤት ኢሜይል ይጻፉ'። ሃያ ሦስት ቀን ቆሜያለሁ። ሃያ ሦስት ቀን!»

ይህን ለማያውቅ ሰው ሒሳቡን ላስረዳ። በቀን 1,000 ኩንታል ስንዴ የሚፈጭ ፋብሪካ አንድ ሰዓት ሲቆም ከ40 ኩንታል በላይ ስንዴ ሳይፈጭ ይቀራል። ሃያ ሦስት ቀን ሲቆም 23,000 ኩንታል። ሠራተኛው ደመወዙን ይጠብቃል፣ የባንክ ብድር ወለዱን ይቆጥራል፣ ዳቦ ቤቱ ወደ ሌላ ፋብሪካ ይሄዳል። ዳቦ ቤት አንዴ ከሄደ ደግሞ ቶሎ አይመለስም።

መቆም ብቻም አይደለም። ስንዴውን የሚሰብሩት ብረት ሮለሮች ላያቸው ላይ ጥርስ መሰል መስመር አላቸው። ጥርሱ እየተበላ ሲሄድ ማሽኑ ይሠራል፤ አልቆመም። ግን ዱቄቱ ይሞቃል፣ መብራት ይበላል፣ ዱቄት መሆን የነበረበት ከፉርሽካው ጋር አብሮ ይወጣል። ከ100 ኪሎ ስንዴ አንድ ኪሎ ዱቄት ብቻ ቢቀንስ፣ በቀን 1,000 ኩንታል ለሚፈጭ ሰው ኪሳራው በየቀኑ አሥር ኩንታል ዱቄት ነው። ጥርሱ መቼ እንደገና መቀረጽ እንዳለበት አይቶ የሚናገር ሰው ከሌለ ባለቤቱ የሚያውቀው ዓመቱ ሲዘጋ ሒሳብ ሠራተኛው ሲነግረው ነው።

ስለዚህ የጋሼ ጥያቄ የሽማግሌ ቁጣ አልነበረም። የገበያው ዋና ጥያቄ ነው። ጆርጅ አከርሎፍ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 በጻፈው ዝነኛ ጽሑፍ ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ ካላወቀ፣ ገዢው ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዓይን ያያል፣ ዋጋውን ይሰብራል፣ ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል። አከርሎፍ ምሳሌ ያደረገው ያገለገሉ መኪኖችን ነበር። የማሽን ገበያ ከዚያ ይብሳል፤ ምክንያቱም እዚህ የማይታየው ዕቃው ብቻ አይደለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ስልክ የሚያነሳው ሰው አይታይም። ጋሼ ሊገዙ የመጡት ብረቱንም ያንን ሰውም ነው። ወረቀታችን ደግሞ ስለ ሰውየው የሚያወራው እግር ኳስ መውደዱን ነው።

ለምን አሁን?

የውጭ አምራች እዚህ ቢሮ ከፍቶ ራሱን ማስተዋወቁ አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር ቢሮው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው።

ለረጅም ጊዜ የነበረው መንገድ ሁለት ነው። አንዱ የአገር ውስጥ ወኪል ነው፤ ቶዮታን በሞኤንኮ በኩል እንደምናውቀው ማለት ነው። ሁለተኛው «የንግድ እንደራሴ» ነው። እንደራሴ በሕጉ ነጋዴ አይደለም፤ የወከለውን ድርጅት ምርት ያስተዋውቃል፣ ገዢና አምራችን ያገናኛል፤ በራሱ ስም ገዝቶ አይሸጥም። የውጭ ባለሀብት ዕቃ አስመጥቶ እዚህ በጅምላና በችርቻሮ እንዳይሸጥ ለአሥርት ዓመታት በሩ ዝግ ነበር፤ የተፈቀዱት ጥቂት ነገሮች ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ፣ መስፈርት ለሚያሟሉ የውጭ ባለሀብቶች ተከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

የሁለቱን ውጤት ደምሩት። በአንድ በኩል አምራቹ ራሱ መጥቶ መሸጥ የሚችልበት በር ተከፈተ። በሌላ በኩል ያው ማሽን፣ በዶላር ዋጋው ሳይነካ፣ በብር እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረውም። በስህተት መግዛት የሚያስከፍለው ዋጋም አብሮ አደገ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ለዚያም ነው የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ቢሮ ራሱ ይሸጣል ወይስ ያስተዋውቃል?» መሆን ያለበት። እንደራሴ ከሆነ ውልህ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ነው፤ ዋስትናህም እዚያ ነው። ራሱ የሚሸጥ ከሆነ ክርክሩም፣ ዕቃው የተከማቸበት መጋዘንም እዚሁ ነው። በሩ ላይ ያለው ታፔላ ሁለቱንም «ቢሮ» ነው የሚላቸው።

«ሰነዱ እኔ ጋ ነው»

ከጋሼ ጉብኝት በኋላ ሥራ አስኪያጁን አንድ ነገር ጠየቅኩት፤ ቅጹን ትተን እያንዳንዱ ሰው «ደንበኛው እኔን የሚፈልገኝ መቼ ነው?» ለሚለው ብቻ መልስ ይስጥ። ሻዩን ይዞ ትንሽ አሰበ። «ታማም» አለ፤ እሺ ማለቱ ነው።

መልሶቹ ከሞላ ጎደል ሌላ ቢሮ አሳዩኝ።

የሰነድ ባለሙያዋ፣ ሰው ሁሉ ጸሐፊ የሚመስለው፣ እንዲህ አለች፦ «አንዳንዱ ደንበኛ ገብቶ 'ቡና ይኖራል እህቴ?' ይለኛል። አለ፤ ግን ኤልሲህንም የማየው እኔ ነኝ።» በሌተር ኦፍ ክሬዲት ንግድ ባንክ የሚከፍለው ማሽኑን አይቶ አይደለም፤ ሰነዱን አይቶ ነው። በኢንቮይሱና በመርከብ ሰነዱ ላይ ያለው የዕቃ መግለጫ ካልተስማማ፣ ቀን ካለፈ፣ ባንኩ «ልዩነት አለው» ብሎ ሊያቆመው ይችላል። ዕቃው ከመርሲን ወደብ ተነስቶ፣ ስዊዝን አልፎ፣ ቀይ ባሕርን ወርዶ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ወረቀቱ ካልደረሰ ግን ወደብ ላይ ተቀምጦ ኪራይ ይቆጥራል። ትውውቋን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍነው፦ «ፕሮፎርማ ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ ዕቃው ከጉምሩክ እስኪወጣ ድረስ ያለው ሰነድ እኔ ጋ ነው።» የሥራ መደቧ «አስተባባሪ» የሚል ነበር። ምን እንደምታስተባብር የሚያውቅ አልነበረም፤ ወጣ።

የመጋዘን ኃላፊው መጽሐፉን ተወና እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የትኞቹ መለዋወጫዎች ሁልጊዜ እንደሚገኙ ዘረዘረ፤ ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ የወንፊት ጨርቅ፣ ለፓነል የሚሆኑ ነገሮች። የሌለውንም ተናገረ፤ ሮለር የለም፣ ትልቅ ሞተር የለም፣ በትዕዛዝ ነው የሚመጣው። ሥራ አስኪያጁ የሌለውን መጻፉን አልወደደውም ነበር። ሽያጭ ባለሙያው ግን፣ «ካልጻፍነው እኔ ነኝ የምሰደበው» አለ፤ ተጻፈ። ሾፌሩ ደግሞ «እኔ ምን ልበል? ሾፌር ነኝ» ብሎ ነበር። ሲነካካ ኩባንያው ቀድሞ በወኪል በኩል ማሽን የተከለባቸውን ፋብሪካዎች መንገድ፣ የዘበኞቹን ስም ሳይቀር የሚያውቀው እሱ ሆኖ ተገኘ።

የስም ማውጣት ክርክር

ስድስቱ እንዲህ አለቁ። ሰባተኛው ቴክኒሻኑ ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝም እሱ ነው።

ልጁ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ተምሮ፣ ወፍጮ ቤት ውስጥ አድጎ፣ ኩባንያው ሦስት ወር ኮንያ ወስዶ አሠልጥኖታል። ቱርካዊው የተከላ ኃላፊ ተከላ ሲኖር ይመጣል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። ስለዚህ ለጋሼ ጥያቄ መልሱ ይህ ልጅ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የሚመጣው እሱ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ግን ስሙ የለም። «የቴክኒክ ድጋፍ ቡድን» ይላል። ቡድኑ አንድ ሰው ነው።

ለምን ብዬ ስጠይቅ ሥራ አስኪያጁ አልደበቀኝም። «ስሙን ካወጣነው ይወስዱብናል» አለ። «ሦስት ወር ከፍለንበታል። ቲኬት፣ ሆቴል፣ አሠልጣኝ። ነገ አንድ ፋብሪካ እጥፍ ደመወዝ ይሰጠዋል፤ እኔ ባዶ እጄን እቀራለሁ።»

ይህ ስስት ብቻ አይደለም። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ያነሳው ጉዳይ ነው። ሠራተኛው የትም ይዞት የሚሄደውን ሙያ አሠሪ ማስተማር አይፈልግም፤ ወጪው የእሱ፣ ጥቅሙ የሌላው ይሆንበታላ። እዚያው ቤት ብቻ የሚጠቅመውን ሙያ ግን በደስታ ያስተምራል። የእኛ ልጅ ሙያ መሀል ላይ ነው የወደቀው። የዚህን ኩባንያ ማሽን ብቻ ነው በደንብ የሚያውቀው፤ ስለዚህ ለሌላ ማሽን ሻጭ ብዙም አይጠቅምም። ግን ይህን ማሽን ለገዛ ደንበኛ ሁሉ ወርቅ ነው። ማለትም ሠራተኛውን ሊነጥቅ የሚችለው ተፎካካሪው ሳይሆን ደንበኛው ራሱ ነው! ኩባንያው ማሽን በሸጠ ቁጥር ቴክኒሻኑን የሚፈልግ አንድ አዲስ አሠሪ ይጨምራል።

ልጁ በበኩሉ የተናገረው አጭር ነው፦ «ማታ ማታ የምሄደው እኔ። ዘይት የሚነካኝ እኔ። ወረቀቱ ላይ 'ቡድን' ነኝ። ነገ ሲቪ ስጽፍ ምን ልበል? ቡድን ነበርኩ ልበል?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። እኔ ጸሐፊ እንጂ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ግን ወረቀቱ እጄ ላይ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። ለሥራ አስኪያጁ ያልኩት ይህን ነው፦ የሰው ስም መደበቅ ሠራተኛን ለማቆየት ርካሹ መንገድ ነው፤ ርካሽ ስለሆነም ብዙ አይሠራም። ልጁ በመጀመሪያው የጥገና ሌሊት ስሙን ለደንበኛው ይናገራል፤ በሁለተኛው ስልኩን ይሰጣል። የሚደበቀው ለሁለት ሳምንት ነው። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ግን እንደ ጋሼ ያለው ገዢ «ሰው የላቸውም» ብሎ ይሄዳል። ልጁን የሚያቆየው ደመወዝ ነው፤ ውል ነው፤ «ከሁለት ዓመት በኋላ ምን እሆናለሁ?» ለሚለው ጥያቄው መልስ መኖሩ ነው።

ሁለት ቀን ዝም አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ስሙ ይግባ፣ የሥራ መደቡ «የጥገናና አገልግሎት ኃላፊ» ይባል፣ የሚጻፈው ስልክ ግን የቢሮው የአገልግሎት ስልክ ይሁን አለ። ሌሊት ሌሊት እሱ ይይዘዋል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ልጁ ቢታመም ወይም ቢሄድ እንኳ ስልኩ ይነሳል። ስለ ደመወዙ በወረቀቱ ላይ የሚገባ ነገር ስላልሆነ አልጠየቅኩም። ልጁ ራሱ ነው በኋላ «አዲስ ውል ፈርሜያለሁ» ያለኝ፤ ፈገግታው ከበቂ በላይ ነበር።

የመክፈቻው ዕለት

በመክፈቻው ዕለት ከአዳማ፣ ከደብረ ብርሃን፣ ከሐዋሳ የመጡ ባለ ፋብሪካዎች ነበሩ። ቡናው ተፈላ፣ ዳቦው ተቆረሰ። ንግግር ተደረገ፤ እንደተለመደው ረዘመ። ከዚያ ሰባቱ ተራ በተራ ተነስተው ራሳቸውን አስተዋወቁ። «በትርፍ ጊዜዬ» ያለ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ፦ «በዋጋና በአከፋፈል ላይ እዚሁ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ኮንያ መጠየቅ ያለብኝን ነገር ደግሞ 'እጠይቃለሁ' እላችኋለሁ።» የሽያጭ ባለሙያው፦ «ቦታችሁን አይቼ፣ መብራታችሁን ለክቼ ነው ማሽን የምመርጥላችሁ፤ ካልተስማማ አትግዙ እላለሁ።» ሥራ አስኪያጁ በትርጉም ሲሰማው ትንሽ ቆጣ አለ፤ ግን አጨበጨበ።

ቴክኒሻኑ መጨረሻ ተነሳ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሙን ተናገረ፤ ማሽኑ ሲቆም ከመደወላቸው በፊት ምን ምን እንዲያዩ፣ መብራት ሲጠፋ ሮለሮቹ መሀል የሚቀረውን ስንዴ ሳያጸዱ ማስነሳት ለምን ሞተር እንደሚጎዳ በሁለት ደቂቃ አስረዳ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነው የሰማው። ብዙዎቹ ይህን የሚያውቁት በኪሳራ ነው።

ሲጨርስ ጋሼ ከፊት ወንበር እጃቸውን አወጡ። «አንተ ልጅ» አሉት፣ «ስንት ነው የሚከፍሉህ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ትርጉሙን ሲሰማ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ «አላልኩህም?» የሚል አስተያየት። እኔ ደግሞ ጋሼን ነበር የማየው። ከሳቁ በኋላ በራሪ ጽሑፉን አጥፈው ኮት ኪሳቸው ሲያስገቡ አየሁ። የማሽኑ ዝርዝር ያለበት ገጽ ወደ ውስጥ፣ ስሞቹ ያሉበት ወደ ውጭ ነው የታጠፈው። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰው ለፋብሪካቸው ማስፋፊያ ሌላ ፕሮፎርማ ጠየቁ፤ ልጁን ግን አልወሰዱትም። እስካሁን።

ለገዢም ለተቀጣሪም

ይህን የጻፍኩት ስለ ዱቄት ማሽን ብዬ ብቻ አይደለም። በሩ ከተከፈተ ወዲህ የቱርክም፣ የቻይናም፣ የህንድም አምራች እዚሁ ቢሮ መክፈቱ አይቀርም። የእርሻ መሣሪያ፣ የማሸጊያ ማሽን፣ የፀሐይ ኃይል፣ የሆስፒታል ዕቃ። እያንዳንዱ ቢሮ «ሠራተኞቻችንን ይተዋወቁ» ይላል። ታዲያ ገዢ ከሆናችሁ፣ ፈገግ ብለው ከጨበጧችሁ በኋላ አራት ነገር ጠይቁ። እዚህ አገር ውስጥ ዋጋ መወሰን የሚችለው ማነው? ሲበላሽ በስም የሚመጣው ማነው? መጋዘን ውስጥ ያለው ምንድነው፣ የሌለውስ? ዋስትናው የሚቆጠረው ዕቃው ከተጫነበት ቀን ነው ወይስ ተተክሎ ሥራ ከጀመረበት? የመጨረሻዋን በተለይ አትርሱ። ዕቃው ባሕር ላይና ወደብ ላይ ወራት ካሳለፈ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና ማሽኑ ሳይነሳ ሊጋመስ ይችላል።

የአገራችን ገበያ የሻጭን ስም ረስቶ የዕቃን ስም የማይረሳ ነው ይባላል። እውነት ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን ሁሉ «ባጃጅ»፣ የስፌት መኪናውን ሁሉ «ሲንጀር» እንላለን። ግን አንድ ዕቃ እንዲህ የቤት ስም የሚሆነው በየሰፈሩ የሚጠግነው ሰው ሲገኝለት ነው። መለዋወጫ የሌለው፣ ጠጋኝ የሌለው ማሽን ስሙ ታፔላ ላይ ቀርቶ ይረሳል።

ተቀጣሪ ለሆናችሁ እኩዮቼ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የውጭ ኩባንያ ቢሮ ስትገቡ የሚሰጣችሁ ማዕረግ ረጅም ነው፤ «ሲኒየር»፣ «ኮኦርዲኔተር»፣ «ኤክስኪዩቲቭ»። ደስ ይላል፣ አልዋሽም፤ ቢዝነስ ካርድ ላይ ያምራል። ግን ከማዕረጉ በፊት ሥራችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት፦ «ደንበኛው ይህ ሲገጥመው እኔን ይፈልጋል።» ይህን ዓረፍተ ነገር መሙላት ካቃታችሁ ወይ ሥራው ገና አልተሰጣችሁም፣ ወይ ሥራችሁን ሌላ ሰው በስሙ እያስተዋወቀው ነው። ሁለቱንም ውል ከመፈረም በፊት ማወቅ ይሻላል።